“ሴቶች ሰዎች ናቸው ወይ?”

የአሜሪካን የዜግነት ፈተና ያጠና ሐበሻ ሁሉ ሱዛን ቢ አንቶኒን ያውቃታል። ቢያንስ ስሟን ያውቃል። ብዙዎቻችን በሸመደድናቸው 100 ጥያቄዎች ውስጥ “ሱዛን ቢ አንቶኒ ምን አደረገች?” የሚል ነበረ። መልሱ አጭር ነው፦ ለሴቶች መብት ታገለች። እሱን ብለን ወደሚቀጥለው እናልፍ ነበር። እዚያው ዝርዝር መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ሦስት ቃላት ምንድን ናቸው የሚል ጥያቄ ነበረ። “ዊ ዘ ፒፕል” እንል ነበር። እኛ ሕዝቡ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች መሆናቸው የገባኝ ዜግነቱን ካገኘሁ በኋላ ነው። የሱዛንን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳነብ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት የተደረጉ የአሜሪካ ንግግሮችን እየፈለግሁ አነባለሁ። የሚይዘኝ ምን እንዳሉ ብቻ አይደለም። መስማት የማይፈልግ ሰው ፊት ቆመው እንዴት እንዳሉት ነው። ድምፅ የሌለው ሰው ድምፅ እንዲሰጠው የሚለምነው ድምፅ ያለውን ነው። ሴቶቹ ማሳመን የነበረባቸው መብቱን ይዘው የተቀመጡትን ወንዶች ነበር። ይህ በጣም ከባድ ሙግት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሱዛን ልጀምር፤ ብዙ የምለው ያለኝ እሷ ላይ ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1872 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ድምፅ ሰጠች። በዚያው ሰፈር ሌሎች 14 ሴቶችም መረጡ። ቀደም ብላ ልትመዘገብ ስትሄድ መዝጋቢዎቹ አመንትተው ነበር። ካልመዘገባችሁኝ እከሳችኋለሁ አለቻቸው። መዘገቧት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመንግሥት ሰው ቤቷ መጣ። ሰውየው አፍሮ ነበር፤ በጨዋነት ሊወስዳት ፈለገ። እሷ ግን ወንድ እንደምታስረው እሰረኝ ብላ ለካቴና እጇን ዘረጋችለት።

ፍርዷን እስክትጠብቅ ቤቷ አልተቀመጠችም። ጉዳዩን ሰምቶ የሚፈርደው የተራ ሰዎች ቡድን፣ ጁሪው፣ የሚመረጠው ከሞንሮ ካውንቲ ነዋሪዎች ነው። ስለዚህ በካውንቲው 29 የፖስታ ወረዳዎች እየዞረች ተናገረች። ዐቃቤ ሕጉ ጁሪው በሙሉ በእሷ ሐሳብ ሊነካ ነው ብሎ ጉዳዩን ወደ ጎረቤት ኦንታሪዮ ካውንቲ እንዲዛወር አደረገ። ተከትላው ሄደች። እዚያም በ21 ቦታዎች ተናገረች። ጓደኛዋ ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ ደግሞ በ16 ቦታዎች። እስቲ አስቡት፤ ዐቃቤ ሕግ ከንግግር ሸሽቶ ካውንቲ ሲቀይር!

የንግግሩ ርእስ ራሱ ሙግት ነው፦ “ለአንድ የአሜሪካ ዜጋ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው ወይ?” ልብ በሉ፤ መብት ስጡኝ አላለችም። መብቱ አለኝ፣ የለሽም የሚል ያስረዳ ነው ያለችው። የማስረዳቱን ሸክም ከራሷ ትከሻ አውርዳ ከሳሾቿ ላይ ጫነችው። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ተባብለው ሲሟገቱ የባላጋራን ቃል ይዞ መልሶ እሱኑ መርታት ትልቅ ችሎታ ነበር። ሱዛንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከራሷ ያመጣችው ማስረጃ ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱን፣ የነጻነት ሰነዱን፣ የግብር ሕጉን፣ የተከሰሰችበትን ወረቀት ሳይቀር አንስታ ታነብባቸዋለች።

መጀመሪያ የያዘችው እነዚያን ሦስት ቃላት ነው። አገሪቱን የመሠረትነው እኛ ሕዝቡ ነን፤ እኛ ነጭ ወንድ ዜጎች አይልም፣ እኛ ወንድ ዜጎችም አይልም፣ እኛ ሕዝቡ በሙሉ እንጂ አለች። ቀጥላ የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ አመጣች። ይህ ማሻሻያ በ1868 የጸደቀ ነው። በአሜሪካ የተወለዱ ወይም ዜግነት የተቀበሉ ሰዎች በሙሉ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው ይላል። ማንም ግዛት የዜጎችን መብት የሚቀንስ ሕግ ሊያወጣ አይችልም ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብላ ጠየቀች፦ እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ሴቶች ሰዎች ናቸው ወይ? ከተቃዋሚዎቻችን መካከል አይደሉም ብሎ የሚደፍር ያለ አይመስለኝም አለች።

ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ አስባለሁ። ጥያቄው ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያለው። አይደሉም ያለ ሰው ሚስቱና እናቱ ፊት ይዋረዳል። ናቸው ያለ ሰው ደግሞ ሳያውቀው እስከ መጨረሻው ድረስ ተስማማ። ሰው ከሆኑ ዜጋ ናቸው፤ ዜጋ ከሆኑ መብታቸው አይነካም። ሰሚው ራሱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ የቀረውን እኔ ላይ ጫንሽብኝ ሊላት አይችልም። “ዜግነት የተቀበሉ” የሚለው ሐረግ ውስጥ ደግሞ እኔም አለሁ። ከአዲስ አበባ መጥቼ መሐላ የፈጸምኩት በዚያ አንቀጽ ጥላ ሥር ነው። አንቀጹ ወንድን ብቻ እንደሚመለከት ተደርጎ ይነበብ የነበረበት ዘመን እንደነበር ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ከሁሉ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ተቃዋሚዎቿ የምርጫ ሕጉ “እሱ” እያለ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ ሴትን አይመለከትም ይሉ ነበር። እሺ አለች። የግብር ሕጉም “እሱ” ነው የሚለው፤ እንግዲያው ሴቶችን ግብር አታስከፍሉን። የወንጀል ሕጉም “እሱ” ነው የሚለው፤ እንግዲያው አትሰሩን፣ አትስቀሉን። ከዚያ የራሷን የክስ ወረቀቶች አነሳች። የታተመው ቅጽ በሙሉ የወንድ ነው። ጸሐፊው እሷን ለመክሰስ ሲፈልግ “እሱ” (he) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፊት በእጁ አንዲት ፊደል ጨምሮ “እሷ” (she) አደረገው። ለመቅጣት ሲሆን በአንዲት ፊደል የሚቃና ሕግ፣ ለመብት ሲሆን የማይቃናው ለምንድን ነው? መልስ የለውም። ያ የጸሐፊ እርማት ሁሉም የሚያየው፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው። የገጠር ገበሬ ያለ ጠበቃ ይረዳዋል።

ፍርዱ የተሰየመው ጁን 17 ቀን 1873 በካናንዴግዋ ከተማ ነው። ዳኛው ዋርድ ሃንት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ራሷ እንድትመሰክር አልፈቀደላትም። የሁለቱ ወገን ክርክር እንዳለቀ አስቀድሞ የጻፈውን ውሳኔ አውጥቶ አነበበ። ጁሪውንም ጥፋተኛ ናት በሉ ብሎ አዘዘ። ሳይመክሩ፣ ሳይነጋገሩ። ያን ሁሉ ወረዳ የዞረችበት ንግግር ጁሪው ዘንድ ለመድረስ ዕድል አላገኘም።

በማግስቱ ዳኛው እንደ ወጉ፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የምትናገረው ነገር ካላት ጠየቃት። ብዙ የምናገረው አለኝ አለች። ጥፋተኛ እንድባል ባዘዙት ትእዛዝ የመንግሥታችንን መሠረታዊ መርሖ ሁሉ በእግርዎ ረገጡ አለችው። ተቀመጪ አላት። ቀጠለች። ደጋግሞ ተቀመጪ አላት። ቀጠለች። ጁሪው ቢጠየቅ እንኳ ከእነዚያ ሰዎች አንዱም የእኔ እኩያ አይደለም፤ እያንዳንዱ በፖለቲካ የበላዬ ነው አለች። መቶ ዶላር ቀጣት። ከዚህ ፍርደ ገምድል ቅጣት አንድ ዶላር አልከፍልም አለች፤ አልከፈለችምም። ዳኛውም እስክትከፍል ትታሰር አላለም። ብትታሰር ኖሮ ይግባኙን ወደ ላይ የምታደርስበት መንገድ ይከፈትላት ነበር።

የሙግቷ ዕጣ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሴት ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ማይነር የምትባል የሚዙሪ ሴት ተመሳሳይ ክርክር ይዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች። በ1875 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሴቶች ሰዎች ናቸው አለ። ዜጎችም ናቸው አለ። ግን ዜግነት ብቻውን የመምረጥ መብት አይሰጥም አለ። የሱዛንን ጥያቄ አዎ ብሎ መልሶ፣ መጨረሻው ላይ በሩን ዘጋው። ይህ ፍርድ በጣም ያናድደኛል፤ ግን ብዙ አስተምሮኛል። የተስተካከለ አመክንዮ ሰሚውን ጥግ ያስይዘዋል። ጥግ የያዘ ሰው ግን እጁን ላይሰጥ ይችላል። ሥልጣን ካለው የጨዋታውን ሕግ ይቀይራል።

ሶጆርነር ትሩዝ እንዲህ ባለ መንገድ አልሄደችም። በኒው ዮርክ ግዛት በባርነት የተወለደች፣ ማንበብና መጻፍ ያልተማረች ሴት ናት። በ1851 በኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ በተደረገ የሴቶች ጉባኤ ላይ ተነስታ ተናገረች። ማስረጃዋ የራሷ ክንድ ነው። የማንንም ወንድ ያህል ጡንቻ አለኝ፤ አርሻለሁ፣ አጭጃለሁ፣ ፈልጫለሁ አለች። መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሰው ለሚከራከሩት ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ መለሰች፦ ኢየሱስ ወደ ዓለም የመጣው ከፈጠረው ከእግዚአብሔርና ከወለደችው ሴት ነው፤ ወንድ ሆይ፣ ያንተ ድርሻ የት አለ? እመቤታችንን ከጠዋት እስከ ማታ ስትጠራ ላደገች ሴት ይህን ማብራራት አያስፈልግም። እኔ ብሰማው ኖሮ እልል እል ነበር።

ይሁን እንጂ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነበነበው ንግግሯ ይህ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ጉባኤው ላይ የነበረው ማሪየስ ሮቢንሰን ወር ሳይሞላ በጋዜጣ ያወጣው ነው። “እኔስ ሴት አይደለሁም ወይ?” የሚለው ታዋቂ ድግግሞሽ የመጣው ፍራንሲስ ጌጅ የምትባል ነጭ ሴት በ1863፣ ከ12 ዓመት በኋላ ባሳተመችው ጽሑፍ ነው። ጌጅ ትሩዝን በደቡብ ባሪያዎች አነጋገር አናገረቻት። ትሩዝ ግን የሰሜን ሰው ናት፤ አፏን የፈታችው በደች ቋንቋ ነው። ጌጅ ክፉ አስባ ያደረገችው አይመስለኝም። የበለጠ እንዲያሳምን ብላ ነው። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል። ሰዎች ሊሰሙ የሚፈልጓት ጥቁር ሴት እንድትሆን ተደርጋ ከመቅረቧ በፊት ያለችው ትሩዝ እዚያ ናት።

እዚህ ላይ የሚያመኝን ነገር ማንሳት አለብኝ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ 15ኛው ማሻሻያ ቀረበ። በዘርና በቀለም የተነሳ ማንም ድምፅ አይከልከል የሚል ነው፤ ስለ ጾታ ምንም አይልም። ሱዛንና የትግል ጓደኛዋ ኤሊዛቤት ኬዲ ስታንተን ተቃወሙት። እስከዚህ ድረስ ልረዳቸው እችላለሁ። ስታንተን ግን በሌላ መንገድ ሄደች። ያልተማረ ጥቁርና ያልተማረ ስደተኛ እንዴት ከተማረች ነጭ ሴት ቀድሞ ሕግ ያወጣል እያለች ጻፈች። በንቀት ስም እየሰጠች። እኔ ጥቁርም ስደተኛም ነኝ። የምወደው ትግል ውስጥ እንዲህ ተብሎ የተጻፈን ነገር ሳነብ የሚሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል።

ያ ክርክር የመጣው ከሰሚው ነው። ሰሚው ነጭ ወንድ ነው፤ የሚፈራው ጥቁርን ነው። እንግዲህ ፍርሃቱን ተጠቅመን እናሳምነው አሉ። በኋላም በደቡብ ግዛቶች አንዳንድ የንቅናቄው ሰዎች ሴቶች ቢመርጡ የነጮች የበላይነት ይጠናከራል እያሉ በግልጽ ተከራከሩ። የሰሚን ቃል ይዞ መሟገት አንድ ነገር ነው። የሰሚን ጥላቻ ይዞ መሟገት ሌላ ነው። ሱዛን “እኛ ሕዝቡ በሙሉ” ስትል ሰሚውን ከፍ አድርጋ ወደ ራሱ መርሖ ጎተተችው። ይኼኛው ደግሞ ወደ ሰሚው ወርዶ እዚያው ቀረ።

በጊዜው ይህን ያየች ሴት ነበረች። ፍራንሲስ ኤለን ዋትኪንስ ሃርፐር ትባላለች። ባልቲሞር ተወልዳ ያደገች ነጻ ጥቁር፣ ገጣሚና መምህርት ናት። ሜይ 1866 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ተናገረች። የጀመረችው ከሐዘኗ ነው። ባሏ ዕዳ ትቶ ሞተ። እሷ ኦሃዮ ውስጥ ቅቤ እየናጠች ትሸጥ የነበረች የገበሬ ሚስት ናት። ሦስት ወር ሳይሞላ የንብረቱ አስተዳዳሪ መጥቶ የወተት ማሰሮዎቿንና የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎቿን ሳይቀር ወሰደ። አንድ መስታወት ብቻ ተዉላት። የሞትኩት እኔ ብሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በተለየ ነበር አለች። አዳራሹ ውስጥ የነበረች ሴት ሁሉ ይህን ትረዳለች። ሚስት ስትሞት የባል ማሰሮ የሚወስድ የለም።

አዳራሹ አብሯት ካዘነ በኋላ ዞረችበት። እናንተ ነጭ ሴቶች እዚህ ስለ መብት ትናገራላችሁ፤ እኔ ስለ በደል እናገራለሁ አለች። በጎዳና ባቡር ስትሳፈር ጥቁር በመሆኗ የሚደርስባትን ነገረቻቸው። ሁላችንም በአንድ የሰው ልጅ ጥቅል ውስጥ አብረን ተሳስረናል፣ ከመካከላችን ደካማውን የረገጠ ማኅበረሰብ በራሱ ነፍስ ላይ እርግማን ያመጣል አለች። ድምፅ መስጠት ሁሉን ነገር ይፈውሳል ብዬ አላምንም፤ ነጭ ሴቶች ከሰማይ እንደወረደ ጤዛ ንጹሓን አይደሉም አለች። ይህን ያለችው በራሳቸው ጉባኤ ላይ ቆማ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት በሌላ የዚያ ዘመን ንግግር ውስጥ አላገኘሁም። ሰሚዎቿን አላባበለቻቸውም፣ አላባረረቻቸውምም።

ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ልለፍ። ጃኑዋሪ 1917 ላይ የመምረጥ መብት ታጋይዋ አሊስ ፖልና ጓደኞቿ ዋይት ሐውስ በር ላይ ባነር ይዘው ቆሙ። በኤፕሪል ፕሬዚዳንት ዊልሰን አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንድትገባ ኮንግረሱን ሲጠይቅ፣ የምንዋጋው ለዴሞክራሲ ነው፣ ለሥልጣን የሚገዙ ሰዎች በገዛ መንግሥታቸው ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው ነው አለ። ሴቶቹ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ባነር ላይ ጽፈው በሩ ላይ ዘረጉት። ምንም አልጨመሩበትም። ለዚህ ታሰሩ። የታሰሩበት የኦኮኳን እስር ቤት የነበረው ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ነው። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት አሌክሳንድሪያ በመኪና ቅርብ ነው። እዚያ ተደበደቡ፤ ምግብ አንበላም ሲሉም በግድ በቱቦ አጎረሷቸው። ዊልሰን በሴፕቴምበር 1918 ራሱ ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ ሴቶችን በጦርነቱ መከራ ተካፋይ አድርገን በመብቱ ተካፋይ አናደርጋቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚያረጋግጠው 19ኛው ማሻሻያ ግን በማግስቱ ሁለት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ሴኔቱ ያሳለፈው በ1919 ነው።

ቴነሲ ላይ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ኦገስት 18 ቀን 1920፣ ማሻሻያውን ለማጽደቅ የምታስፈልግ የመጨረሻዋ ግዛት። ምክር ቤቱ 48 ለ48 እኩል ተከፍሎ ነበር። የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተቆጥሮ ሳለ ድንገት አዎ አለ። ኪሱ ውስጥ የእናቱ ደብዳቤ ነበር፤ ለሴቶቹ ድምፅ ስጥ፣ ጎበዝ ልጅ ሁን የሚል። በማግስቱ ሲጠየቅ ለልጅ የእናቱን ምክር መስማት ሁልጊዜ ይሻለዋል አለ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ከ70 ዓመት ሙግት የአንዲት እናት ደብዳቤ በለጠ ይላሉ። አልስማማም። የ70 ዓመቱ ሙግት ባይኖር እናትየውም አትጽፈውም፣ ልጁም 48 ሰው ከጎኑ አያገኝም።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። የመምረጥ መብት የመጣው በ1955 በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት፣ ከላይ ነው። በ1957ቱ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የታሰሩ አርበኛ፣ መምህርትና ጸሐፊ ነበሩ። የእሳቸው ዓይነት ሴት አደባባይ ላይ ቆማ ለዚህ መብት ስትሟገት የተናገረችው ቃል በእጃችን ቢኖር እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። 19ኛው ማሻሻያ ሲጸድቅ አብዛኞቹ የደቡብ ጥቁር ሴቶች አልመረጡም። በማንበብ ፈተና፣ በግብርና በዱላ ተከለከሉ። ፋኒ ሉ ሄመር በ1962 ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር ኢንዲያኖላ፣ ሚሲሲፒ ልትመዘገብ ሄደች። የምትሠራበት እርሻ ባለቤት ምዝገባሽን ሰርዢ አለበለዚያ ትወጫለሽ አላት። እኔ ልመዘገብ የሄድኩት ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው አለችው። ያን ዕለት ማታ ወጣች። በ1963 ዊኖና እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ደበደቧት።

ኦገስት 22 ቀን 1964 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በዴሞክራቶች ጉባኤ ኮሚቴ ፊት ይህን ሁሉ ተናገረች። ስሜ ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር ነው አለች። የመንገዷን ስምና የቤቷን ቁጥር፣ ከተማዋን፣ ካውንቲዋን ጠራች፤ የሴናተር ኢስትላንድ አገር ነው ብላ፣ የታወቀውን የዘር መድልዎ ደጋፊ ጠቅሳ፣ ጨመረችበት። ሕገ መንግሥት አልጠቀሰችም። የደረሰባትን በቅደም ተከተል ተናገረች። መጨረሻ ላይ ብቻ ጠየቀች፦ ይህች አሜሪካ ናት? የነጻ ሰዎች አገር፣ የጀግኖች ቤት? የአገሪቱን መዝሙር ቃል ነው መልሳ የወረወረችው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቴሌቪዥኖቹን ካሜራ ከእሷ ለመሳብ ብሎ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ መግለጫ ጠራ። ጣቢያዎቹ ማታ ንግግሯን መልሰው አሳዩት።

ይህን ሁሉ ማንበብ የምትፈልጉ ብትኖሩ የሱዛን ትቆያችሁ፤ በሃርፐር ጀምሩ። አጭር ነው፤ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ከእሷ በኋላ የሌሎቹን ስታነቡ ማን እንደተጠራና ማን እንደተዘለለ ወዲያው ይታያችኋል።